«አይገድልም» የሚለው ቃል አያታልለን



የዛሬው ጽሑፍ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ታግሣችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት። ጉዳዩ የኤሌክትሪክ ሾክ ነው። ፖሊስ ሰውን ለማስቆም ወይም ለመያዝ፣ አንዳንዴም ለማናገር የሚጠቀምበት፣ ሰውነትን በኤሌክትሪክ የሚነዝር መሣሪያ።

ስለዚህ መሣሪያ ከወጣቶች ጋር በተነሳ ቁጥር አንድ መልስ ቀድሞ ይመጣል፦ «ከጥይት ይሻላል። ቢያንስ አይገድልም።»

ይህን የሚለውን ወጣት አልንቀውም። የወላይታ ልጅ ነው፤ ጥይት ምን እንደሚያደርግ ከሩቅ ወሬ ሳይሆን ከሰፈሩ ያውቃል። ነሐሴ 3 ቀን 2012 ዓ.ም. የዞኑ አመራሮች፣ የሀገር ሽማግሌዎችና የፖለቲካ ፓርቲ አባላት ከስብሰባ ተይዘው ታሰሩ። ይህ ሲሰማ በሶዶና በቦዲቲ ሰው አደባባይ ወጣ፤ የጸጥታ ኃይሎችም ተኮሱ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በዚያው ሳምንት ባወጣው መግለጫ ቢያንስ 16 ሰዎች መገደላቸውን ገለጸ። ጥይቱ «አንተ የየትኛው ሃይማኖት ነህ?» ብሎ አልጠየቀም። ያንን ሳምንት ያየ ልጅ «ከጥይትስ ሾክ ይሻላል» ቢል ምን ይፈረድበታል?

ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ምርጫውን እንዲህ ቆርጦ ያቀረበልን ማን ነው? ወይ ጥይት ወይ ሾክ? ሱብሐነላህ! ሰውን በቃል ማስቆም፣ በትዕግሥት መክበብ፣ በእጅ መያዝ፣ በሕግ አግባብ ወደ ጣቢያ መውሰድ የሚባሉት ከዝርዝሩ መቼ ወጡ?

ሐሳቤን ከመነሻው ልንገራችሁ። ሾክ ይገድላል ወይስ አይገድልም የሚለው ክርክር ዋናውን ነገር ይጋርድብናል። የዚህ መሣሪያ ትልቁ አደጋ ምልክት የማይተው መሆኑ ነው። ምልክት የማይተው ሕመም በቀላሉ ተጠያቂ የሌለው ሕመም ይሆናል። ስለዚህ ሕጉ፣ መዝገቡና ተቆጣጣሪው ከመሣሪያው ቀድመው መምጣት አለባቸው። ተከትለው ይመጣሉ ብለን ዝም ካልን አይመጡም።

■ መጀመሪያ መሣሪያውን እንወቀው

ብዙ ሰው «ሾክ» ሲል ሁሉንም በአንድ ስም ይጠራል። ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ልዩነታቸውን ካላወቅን ክርክራችን ሁሉ አየር ላይ ይቀራል።

አንደኛው በተለምዶ ቴዘር የሚባለው ነው። ሽጉጥ ይመስላል። ሲተኮስ በቀጭን ሽቦ የተያያዙ ሁለት ሹል መንጠቆዎችን ይወረውራል። ልብስ ወይም ቆዳ ላይ ሲሰኩ ኤሌክትሪኩ በሁለቱ መካከል ያልፋል፤ ያን ጊዜ ጡንቻ ከባለቤቱ ትእዛዝ ውጭ ይሆናል። በተለመደው አሠራር አንድ ጊዜ ሲተኮስ ለአምስት ሰከንድ ያህል ይቆያል። ሰውየው ቆሞ ከነበረ እንደተቆረጠ ግንድ ይወድቃል። እጁን ዘርግቶ ጭንቅላቱን ማዳን አይችልም፤ እጁ የሱ አይደለምና።

ሁለተኛው በቀጥታ ሰውነት ላይ የሚጫነው ነው። የኤሌክትሪክ ዱላ፣ በእጅ ባትሪ መልክ የተሠራ ሾክ፣ የመሳሰለው። ይህኛው ከሩቅ አይሠራም፤ ሰውን እንደ ቴዘሩ አያዝለፈልፍም። ሥራው ማሳመም ብቻ ነው። ለመጠቀም ደግሞ ሰውየው ክንድህ የሚደርስበት ቦታ መሆን አለበት። ክንድህ የሚደርስበት ሰው ብዙ ጊዜ የተያዘ ሰው ነው፤ ጥግ ይዟል፣ ተቀምጧል፣ ወይም እጁ ታስሯል።

ይህችን ነጥብ ያዙልኝ። ቢላ ይዞ የሚሮጥብህን ሰው በኤሌክትሪክ ዱላ ለመንካት ወደ ቢላው መቅረብ አለብህ። ታዲያ ዱላው የተሠራው ለማን ነው? ቢላ ለያዘው አይደለም። ባዶ እጁን ለቀረው ነው።

የተባበሩት መንግሥታት የማሰቃየት ጉዳዮች ልዩ ራፖርተር አሊስ ኤድዋርድስ በ2023 እ.ኤ.አ. ለጠቅላላ ጉባኤው ባቀረቡት ሪፖርት፣ በቀጥታ ሰውነት ላይ የሚጫኑ የሾክ መሣሪያዎችን በባሕሪያቸው ጨካኝ ናቸው ካሏቸው መሣሪያዎች መድበው እንዲታገዱ ጠይቀዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከማሳመም ሌላ ሥራ የላቸውም።

■ «አይገድልም» ማን አለ?

ቴዘሩም ቢሆን «አይገድልም» የሚለው ማስታወቂያ ብቻ ነው። አብዛኛው የተነዘረ ሰው ተነስቶ ይሄዳል፤ ይህ እውነት ነው። ያልተነሳም አለ።

ኳስ የምትወዱ ወጣቶች የአስቶን ቪላውን ዳሊያን አትኪንሰንን ታውቁት ይሆናል። በ1994 እ.ኤ.አ. የሊግ ካፕ ፍጻሜ ማንቸስተር ዩናይትድ ላይ ጎል ያገባ አጥቂ ነው። ነሐሴ 2016 እ.ኤ.አ. ቴልፎርድ በተባለች የእንግሊዝ ከተማ፣ በአባቱ ቤት ደጃፍ ፖሊስ በቴዘር ነዘረው። የመጨረሻው ተኩስ አምስት ሰከንድ አልነበረም፤ 33 ሰከንድ ነበር። መሬት ከወደቀ በኋላም ጭንቅላቱ ላይ በጫማ ተረገጠ። ሞተ። የ48 ዓመት ሰው ነበር፤ ጤናውም የታወከ። ፖሊሱ ቤንጃሚን ሞንክ በ2021 እ.ኤ.አ. በሰው መግደል ጥፋተኛ ተብሎ ስምንት ዓመት ተፈረደበት።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። 33 ሰከንድ መሆኑ በምን ታወቀ? መሣሪያው እያንዳንዱን ተኩስ በራሱ ማኅደር ይመዘግባል። ሰው ሊክድ ይችላል፤ ማኅደሩ ግን ሰዓቱንና ሰከንዱን ያወጣል። ርካሹ የኤሌክትሪክ ዱላ ይህ የለውም። ስንት ጊዜ እንደተጫነ፣ ማን ላይ፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ ምንም አይናገርም። ከዚያ በኋላ የሚቀረው የተነዘረውና የነዘረው ቃል ብቻ ነው። ጣቢያ ውስጥ የማን ቃል እንደሚያሸንፍ እኔ አልነግራችሁም።

ሌላ ልጨምር። ጥቅምት 2007 እ.ኤ.አ. ሮበርት ጂካንስኪ የተባለ ፖላንዳዊ እናቱ ዘንድ ሊኖር ካናዳ ቫንኩቨር አየር ማረፊያ ደረሰ። እንግሊዝኛ አይችልም። ለሰዓታት የሚረዳው አጥቶ ተንገላታ፣ ተረበሸ። አራት ፖሊሶች መጡ፤ ገና አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ነዘሩት፤ በድምሩ አምስት ጊዜ። እዚያው ወለሉ ላይ ሞተ። የፖሊሶቹ ታሪክና የሆነው ነገር አንድ አልነበረም። ልዩነቱን ያወጣው አንድ ተሳፋሪ የቀረጸው ቪዲዮ ነው። በዳኛ ቶማስ ብሬድዉድ የተመራው አጣሪ ኮሚሽን በ2010 እ.ኤ.አ. መሣሪያውን መጠቀማቸው ተገቢ እንዳልነበረ ደመደመ፤ ከፖሊሶቹ ሁለቱም በኋላ በሐሰት ምስክርነት ተፈርዶባቸዋል።

ሁለቱም ታሪኮች የሆኑት ሀብታም አገር ውስጥ ነው፤ ሥልጠና ባለበት፣ ነጻ አጣሪ ባለበት። እዚያም ቢሆን ማኅደሩና ቪዲዮው ባይኖር ኖሮ ሁለቱም ሟቾች «ራሳቸው ታመው ሞቱ» ተብለው ይቀበሩ ነበር።

ለኛ ከተማ ደግሞ አንድ የራሷ አደጋ አለ። ነዳጅ ሲጠፋ ቤንዚን በሃይላንድ ይሸጣል፤ የሞተርና የባጃጅ ልጆች ልብስና እጅ ቤንዚን ቤንዚን ይላል። ሾክ ብልጭታ አለው። ቤንዚን የነካው ልብስ ላይ ብልጭታ ምን እንደሚያደርግ ለሞተረኛ ማስረዳት አያስፈልግም።

■ ሰንበር የሌለው ዱላ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ።

ዱላ ሰንበር ይተዋል። ጥይት ቀዳዳ ይተዋል። እጅን የኋሊት ማሰር እንኳ የገመዱን መስመር ይተዋል። እናት ልጇን ስታጥብ ታየዋለች፤ ሐኪም ይጽፈዋል፤ ዳኛ «ልብስህን ከፍ አድርግ» ብሎ ያያል። ሾክስ? አንዳንዴ ምንም፤ አንዳንዴ ሁለት ነጥብ የምታክል መለብለብ። እሷም ቀናት ሲያልፉ ትደበዝዛለች። ልጁ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ሰውነቱ ንጹሕ ነው። «ነዘሩኝ» ይላል። «ምልክቱ የታለ?» ይባላል።

ይህ በሀሳብ የፈጠርኩት አይደለም። የአገራችን ታሪክ ነው። ኅዳር 3 ቀን 2011 ዓ.ም. በወቅቱ የነበሩት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ብርሃኑ ፀጋዬ በመገናኛ ብዙኃን ፊት ቆመው በእስር ቤቶች የተፈጸመውን ዘረዘሩ። ከዝርዝሩ ውስጥ እስረኞችን በኤሌክትሪክ መንዘር አንዱ ነበር። መንግሥት ራሱ በአፉ የተናገረው ነው። ታራሚዎቹና ቤተሰቦቻቸው ግን ይህን ለዓመታት ሲናገሩ ኖረዋል፤ የሰማቸው አልነበረም። ለምን? ማስረጃ አምጡ ይባላላ!

እኛ ሙስሊሞች ይህንን ከሌላው አናንስም፤ እናውቀዋለን። በሐምሌ 2004 ዓ.ም. የታሰሩት የኮሚቴው አባላት በማዕከላዊ ምርመራ ላይ ግፍ እንደተፈጸመባቸው ለፍርድ ቤት ተናግረዋል። ጉዳያቸው ሦስት ዓመት ፈጅቶ በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው። ማዕከላዊ በ2010 ዓ.ም. ተዘጋ፤ አልሐምዱሊላህ። ግን ግንብ መዝጋት አንድ ነገር ነው። ማዕከላዊን ማዕከላዊ ያደረገው ግንቡ አልነበረም፤ ውስጡ የሚሆነው ውጭ አለመታየቱ ነው። ያንን አለመታየት ኪስ በምትገባ መሣሪያ ከሰጠኸው፣ እያንዳንዱ የቀበሌ ክፍል ትንሽ ማዕከላዊ መሆን ይችላል።

ሕጉ ምን ይላል? ሕጉ ከኛ ጋር ነው። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 18 ማንኛውንም ሰው ከጭካኔና ኢሰብአዊ ከሆነ አያያዝ ይጠብቃል። አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 5 የተያዘ ሰው ተገዶ የሰጠው ቃል ማስረጃ እንዳይሆን ይከለክላል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 424 ተጠርጣሪን በጭካኔ የያዘ የመንግሥት ሠራተኛ እንዲቀጣ ይደነግጋል፤ ነገሩ ከባድ ሲሆን ቅጣቱ እስከ አሥር ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል፣ ያዘዘው አለቃ ደግሞ ከዚያ በላይ ይቀጣል። አገራችን የተባበሩት መንግሥታት የጸረ ማሰቃየት ስምምነትን ከተቀበለች ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 30 ዓመት አልፏል።

ሕግ አላጣንም። ያጣነው ሕጉ የሚይዘው ጆሮ ነው። አንቀጽ 424 ማስረጃ ይፈልጋል፤ ሾክ ደግሞ ማስረጃ የማይተው መሣሪያ ነው። ቁጥጥር የሌለበት ሾክ ገዝቶ ማደል ማለት አንቀጽ 424ን ሳይሽሩ መሻር ማለት ነው።

■ የጥይትን ቦታ አይወስድም

«ሾክ ካለ ጥይት ይቀራል» ይሉናል። ይቀራል ወይ? ጥይት የሚተኮሰው መቼ እንደሆነ እናውቃለን፤ ሰልፍ ሲወጣ፣ ሕዝብ ሲበዛ፣ አዛዡ ሲደነግጥ። በሺህ ሰው ፊት ቴዘር ምን ይሠራል? አንድ ሰው ይነዝራል። ስለዚህ በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ዓይነት ቀን ሾክ የጥይትን ቦታ አይወስድም።

የማንን ቦታ ይወስዳል? የቃልን ቦታ። «ና»፣ «ቁም»፣ «ውረድ»፣ «መታወቂያ አሳይ» የሚባልበትን ቦታ። ፖሊስ ሽጉጥ ሲመዝ ሁለቴ ያስባል፤ ሰው ቢሞት ጥያቄ አለበት። ሾክ ሲያወጣ ግን ለምን ያስባል? «አይገድልም» ተብሏላ! ማመንታት የሚያስጥለው ይህ ቃል ነው። ጥይት ፈጽሞ የማይተኮስበት ልጅ፣ መንጃ ፈቃድ ስለዘገየ፣ መልስ ስለመለሰ፣ «ለምን?» ስላለ ይነዘራል።

የራሳችን የአገር ልጆች በባዕድ አገር የገጠማቸውን ልጥቀስ። መጋቢት 2014 እ.ኤ.አ. እስራኤል ውስጥ ዮሴፍ ሳላምሳ የተባለ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ወጣት ከጓደኞቹ ጋር ሳለ ፖሊስ በቴዘር ነዝሮ ያዘው። ቤተሰቦቹ ሲደርሱ ልጃቸውን ያገኙት ከፖሊስ ጣቢያው ውጭ፣ ታስሮ መሬት ላይ ተኝቶ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ሞቶ ተገኘ። ቤተሰቡ ልጃችን ከዚያ ቀን በኋላ ያው ልጅ አልነበረም ብሎ ጮኸ። ስሙም በቀጣዩ ዓመት የቤተ እስራኤል ወጣቶች በፖሊስ ግፍ ላይ ባነሱት ተቃውሞ ከሚነሱት ስሞች አንዱ ሆነ። ጥይት አልተተኮሰም። ምናልባት በዚያን ቀን መዝገብ ላይ «በሰላም ተያዘ» ተብሎ ሊጻፍ የሚችል ነገር ነው። ሕመም ግን ሰውነት ላይ ብቻ አያርፍም፤ ክብር ላይም ያርፋል። ጓደኞቹ ፊት መሬት ላይ የተንፈራገጠ ወጣት፣ ልብሱን ያበላሸ ወጣት፣ ቆዳው ቢድንም ከውስጥ ምን እንደተሰበረ ማን ያየዋል?

■ «ሌባ ነው፣ ይገባዋል»

አሁን ደግሞ ጣቴን ወደ ራሳችን ላዙር። ፖሊስን ብቻ መውቀስ ይቀላል።

ቲክቶክ ላይ በሌብነት የተያዘ ልጅ ሲንዘፈዘፍ የሚያሳይ ቪዲዮ ሲመጣ ኮመንቱን አንብቡ። «ጨምሩለት!» «የእጁን አገኘ!» የሳቅ ምልክት። ፕሮፋሉ ላይ «ላ ኢላሀ ኢለላህ» የጻፈ ወንድም ነው አንዳንዱ። ያ ልጅ ሌባ መሆኑን በምን አወቅህ? ቪዲዮው ስላለ? ዳኛ ፈረደ? ምስክር ቀረበ?

ወንድሜ፣ ኪታባችን ስለዚህ ነገር ዝም አላለም። ኢማም አቡ ዩሱፍ የአቡ ሐኒፋ ተማሪ፣ የሃሩን አር-ረሺድ ዋና ቃዲ ነበሩ። ለኸሊፋው በጻፉት ኪታቡል ኸራጅ ውስጥ በተጠርጣሪ ላይ ዱላ ማንሳትን አጥብቀው ተቃውመዋል፤ ተደብድቦ ያመነ ሰው ቃሉ እንደማይያዝበት አስረድተዋል። ከሰይዲና ዑመርም (ረ.ዐ.) የሚጠቀስ ሐሳብ አለ፤ የተራበ፣ የተፈራራ ወይም የታሰረ ሰው በራሱ ላይ የሚናገረው አይታመንም የሚል። ይህ የተባለው የዛሬው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 ከመጻፉ ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት ነው።

ሂሻም ኢብን ሐኪም (ረ.ዐ.) በሻም ምድር ሲያልፉ ግብር አልከፈላችሁም ተብለው ፀሐይ ላይ እንዲቆሙ የተደረጉ ገበሬዎችን አዩ። ሰዎቹ ሙስሊሞች አልነበሩም። ሂሻም «የኛ ወገን አይደሉም» ብለው አላለፉም። በዱንያ ሰዎችን የሚያሰቃዩትን አላህ እንደሚቀጣ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስማታቸውን ተናገሩ፤ አሚሩ ዘንድም ሄደው ነገሩት፤ ሰዎቹ ተለቀቁ። አስቡት፣ ፀሐይ ላይ ማቆም ነው። ፀሐይም ሰንበር አይተውም።

በበድር ቀን ደግሞ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰልፉን ሲያስተካክሉ በእጃቸው ባለች የቀስት ዘንግ የሰዋድን (ረ.ዐ.) ሆድ ነካ አደረጉት። ሰዋድ «አሳመሙኝ፣ ብድሬን ልውሰድ» አለ። የጦሩ አዛዥ፣ የአላህ መልእክተኛ፣ «ቀላል ነው፣ አይገድልም» አላሉትም። ሆዳቸውን ገልጠው «ውሰድ» አሉት። ሰዋድ አቅፎ ሳማቸው። ከዚህ የምንማረው፣ ትንሽ ሕመም ያደረሰ ባለሥልጣንም ተጠያቂ መሆኑን ነው። መጠየቁም ክብሩን አልቀነሰውም።

እናም ሌባም ቢሆን፣ ሰካራምም ቢሆን፣ በፖለቲካ የማትስማማው ሰውም ቢሆን፣ የጎረቤትህ የጴንጤው ልጅም ቢሆን፣ ዙልም ዙልም ነው። ዛሬ እሱ ላይ «ጨምሩለት» ያልክበት መሣሪያ ነገ አንተ ደጅ ሲመጣ በምን አፍህ ትከለክለዋለህ?

■ ለፖሊሱ ወንድማችን ሐቁን እንስጠው

ፍትሕ ለፖሊስም ነው። ደመወዙ ትንሽ ነው፤ ሌሊት ብቻውን ይቆማል፤ ጩቤ የያዘ ሰካራም ሲመጣበት ምርጫው ዱላና ክላሽ ብቻ ሲሆን መጥፎ ነው። በደንብ የሠለጠነ ፖሊስ፣ ከርቀት የሚሠራውን ቴዘር፣ ሰው ሊገድል ወይም ክፉኛ ሊያቆስል በተነሳ ሰው ላይ ቢጠቀም፣ ከጥይት የተሻለ ነው። ይህንን አልክድም። የተባበሩት መንግሥታት በ1990 እ.ኤ.አ. በሃቫና የተቀበለው የኃይል አጠቃቀም መሠረታዊ መርሆም እንዲህ ዓይነት መሣሪያዎች እንዲኖሩ ያበረታታል። ግን በዚያው መርሆ ውስጥ መሣሪያዎቹ በጥንቃቄ እንዲገመገሙና አጠቃቀማቸው በጥብቅ ቁጥጥር ሥር እንዲሆን ተጽፏል። ግማሹን ብቻ ማንበብ አይቻልም።

ስለዚህ ለከተማችን፣ ለዞናችንና ማዕከሉ ሶዶ ለሆነው ለደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ፖሊስ ጥያቄያችን ይህ ነው፦

1. በቀጥታ ሰውነት ላይ የሚጫን የኤሌክትሪክ ዱላና ሾክ ፈጽሞ አይኑር። ለመያዝ አይጠቅምም፤ ለማሰቃየት ብቻ ነው።

2. ማንኛውም የሾክ መሣሪያ ወደ ጣቢያ፣ ወደ ምርመራ ክፍልና ወደ ማረፊያ ቤት አይግባ። የታሰረ እጅ ላይ ኤሌክትሪክ ምን ይሠራል?

3. ቴዘር የሚኖር ከሆነ ተኩሱን በራሱ የሚመዘግበው ብቻ ይሁን። ማኅደሩን የሚያየውም ጣቢያው ራሱ ሳይሆን ዐቃቤ ሕግ ይሁን።

4. እያንዳንዱ አጠቃቀም በዚያው ቀን በጽሑፍ ይመዝገብ፤ ማን፣ ማን ላይ፣ ለምን፣ ስንት ጊዜ።

5. የተነዘረ ሰው ሁሉ ወደ ጣቢያ ሳይሆን በቅድሚያ ወደ ሐኪም ይወሰድ።

6. ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር፣ አዛውንት፣ የአእምሮ ሕመምተኛና የሚሸሽ ሰው ላይ አይተኮስ። መሸሽ የሞት አደጋ አይደለም።

7. ሚሊሻና ደንብ አስከባሪ አይያዙት። ሥልጠና የሌለው እጅ ላይ ምንም ዓይነት ቴክኖሎጂ አይሻሻልም።

ከነዚህ ውስጥ ሐቀኛ ፖሊስን የሚጎዳ አንድ እንኳ የለም። ሐቀኛውን ከመጥፎው የሚለየው መዝገብ ነው። ዛሬ መዝገብ ስለሌለ ሁለቱም በአንድ ስም ይጠራሉ።

■ «ይህ ፖለቲካ ነው፣ አርፋችሁ ተቀመጡ»

ይህን የሚሉ አባቶች አሉ፤ አከብራቸዋለሁ፤ የሚፈሩት ለኛ ነው። «እኛ እዚህ ጥቂት ነን፤ ጎላ ብለን አንታይ» ይላሉ። ግን አባቶቼ፣ ልጆቻችን ሱቅ ይጠብቃሉ፣ ባጃጅ ይነዳሉ፣ መርካቶ ውስጥ ተዟዙረው ይሸጣሉ። ቀድመው የሚታዩት እነሱ ናቸው። ደግሞስ ይህ የሙስሊም ብቻ ጥያቄ አይደለም። ቃለ ሕይወትም፣ ኦርቶዶክስም፣ ካቶሊክም ልጅ አለው። አብረን ብንጠይቅ ማን «አክራሪ» ይለናል? ሶብር ማለትም ግፍን ዝም ብሎ ማየት አይደለም፤ በትክክለኛው መንገድ ሳይሰለቹ መጠየቅ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? ድንጋይ አናንሳ። ድንጋይ ያነሳ ሐቁን ያስቀማል፤ ነዝረው ለማምጣትም ምክንያት ይሰጣል። ፖሊስ ሲይዝህ አትታገል። ግን፦

አንደኛ፣ አንድ ሰው ተነዝሮ ከተለቀቀ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይሂድ። ኦቶናም ይሁን ሌላ ጤና ተቋም፣ ሁለቷ ነጥብ ሳትጠፋ ሐኪም ይያትና ይጻፋት። ፎቶም አንሱ፤ ቀኑ እንዲታወቅ አድርጉ። ነገ ማለት እዚህ ላይ ማስረጃ ማጥፋት ነው።

ሁለተኛ፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ያየውን ሰው ጻፉ። አእምሮ ይረሳል፤ ደብተር አይረሳም።

ሦስተኛ፣ ቪዲዮ ካላችሁ አትሰርዙት፤ ግን የተጎጂውን ፊት ለመዝናኛ አትልቀቁ። ለጠበቃ፣ ለዐቃቤ ሕግ፣ ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ስጡት። ኮሚሽኑ ሐዋሳ ላይ ቅርንጫፍ አለው።

አራተኛ፣ ይህ በተለይ ለኢማሞቻችንና ለመስጂድ ኮሚቴዎች ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 የተያዘ ሰው ከቤተሰቡ፣ ከሐኪሙና ከጠበቃው በተጨማሪ ከሃይማኖት አማካሪው ጋር የመገናኘት መብት ይሰጠዋል። ይህ በር ክፍት ነው፤ እኛ ነን የማንገባበት። በየሳምንቱ አንድ ሰው ጣቢያ ሄዶ «ልጆቹን ልዘይር» ቢል፣ ከመቶ ፖስት ይበልጣል። ሰው እንደሚጠይቀው ያወቀ እጅ ቀስ ይላል።

አምስተኛ፣ የሌባ ቪዲዮ ሲመጣ «ጨምሩለት» አትበሉ። ይህ ምንም ገንዘብ አያስወጣም።

የሾክ ሕመም አምስት ሰከንድ ነው ይላሉ። እኛን የሚያሳስበን ከስድስተኛው ሰከንድ ጀምሮ ያለው ነው፤ ማን ይጠየቃል፣ ማን ይጽፋል፣ ማን ያምናል የሚለው። ለዚህ መልስ ሳይዝ የሚመጣ መሣሪያ ምንም ያህል ቀላል ቢባል አንቀበለውም።

ያ አላህ! የመዝሉምን ድምፅ አሰማ፤ የዛሊምን እጅ ያዝ፤ ሥልጣን የሰጠሃቸውን ፍትሕ ስጣቸው፤ ከተማችንንም አገራችንንም ሰላም አድርግ። አሚን።

አንብባችሁ ከጨረሳችሁ ለአንድ ወንድም አድርሱት። በተለይ «አይገድልም» ለሚለው።